ጎዳና ላይ ያደጉ ልጆችን ሥራ በመስጠት መርዳት፦ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀን ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ ያደጉ ልጆች የሚሰሩባት አንዲት ትንሽ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው የምሰራው። ሰው ሁሌ ይጠይቀናል፣ አንዳንዱ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ፣ አንዳንዱ በቴሌግራም፣ አንዳንዱ ደሞ ከውጭ ደውሎ፣ ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ አይነት ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ስለኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ እናንተም ልትጀምሩ ካሰባችሁ የሚጠቅማችሁን ነገር ጨምሬበታለሁ።

ሶሻል ኢንተርፕራይዝ የምትሉት ምንድነው? ኤንጂኦ ናችሁ ወይስ ነጋዴ?

ነጋዴ ነን። ዳቦ ጋግረን እንሸጣለን፣ ኪራይ እንከፍላለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ መብራት ሲጠፋ እንደማንኛውም ዳቦ ቤት ሊጡ ኮምጥጦብን እንደፋለን። የሚለየን ቤቱ የተከፈተበት ምክንያት ነው፣ ሌላ ቦታ ማንም ሥራ የማይሰጣቸውን ልጆች ለመቅጠር ነው የተከፈተው፣ የሚተርፈውም ብር ተመልሶ እዛው ይገባል እንጂ የማንም ኪስ አይገባም።

ስሙ የፈረንጅ ስለሆነ አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ እኛም አገር የቆየ ነው። ክብርት አበበች ጎበናን አስታውሱ፣ በ1972 በረሃቡ ጊዜ ለግሸን ማርያም ወደ ወሎ ሄደው ሁለት ልጅ ይዘው ተመለሱ፣ በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ፣ ከዛ ያደገው ድርጅት ከእርዳታው ጎን ለጎን ገቢ የሚያስገኝ ሥራም ይሰራ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን ደሞ ሶልሬብልስን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር ነገሩ ቀላል ነበር፣ የሰፈሯ ሰው እጁ ላይ ሙያ አለ ሥራ ግን የለውም፣ እናም ሁላችንም የምናውቀውን የጎማ ጫማ፣ በርባሶውን፣ አሳምራ ሰርታ ለዓለም ሸጠችው።

ከእኛ ሥራ ጋር በጣም የሚመሳሰለው ግን ሎስ አንጀለስ ያለው ሆምቦይ ነው። አባ ግሬግ ቦይል የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ በጋንግ ውስጥ ያሉ ልጆችን ሥራ ማስያዝ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፣ ቀጣሪ ሲጠፋ እ.ኤ.አ. በ1992 ራሳቸው ዳቦ ቤት ከፈቱ፣ በየጎዳናው ሲጣሉ የነበሩ የተለያዩ ጋንግ ልጆች አንድ ሊጥ ላይ ቆመው መሥራት ጀመሩ። ይሄን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን ዝም ብላችሁ አትረዷቸውም? ለምን ዳቦ መሸጥ አስፈለገ?

ምክንያቱም የእርዳታ ብር ይመጣል ይሄዳል። ፕሮጀክቱ የሁለት ዓመት ነው ይባላል፣ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ገና መቆም መጀመሩ ነው፣ ያኔ ቢሮው ይዘጋል። ዳቦ ግን ነገም ይበላል።

ደሞ ሌላ ነገር አለ። ሊስትሮ የሰራ፣ ዕቃ የተሸከመ፣ ወያላ የነበረ ልጅ ሥራ አያስፈራውም፣ ከኔና ከናንተ በላይ ሰርቶ ነው ያደገው። ያጣው ነገር ሠራሁ ብሎ የሚያስቆጥረው ቦታ ነው፣ ማለትም ስሙን ጠርቶ ዛሬ ለምን አረፈድክ የሚለው ሰው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው፣ ነገም እዚህ ነህ የሚለው ሰው ነው ያጣው። ይሄን ደሞ በስጦታ መልክ መስጠት አይቻልም።

ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ዳቦውን በልጆቹ ታሪክ እንዳትሸጡት። እኛ መጀመሪያ ተሳስተን ነበር፣ ሰዉ አዝኖ ይገዛ ነበር፣ ወር ሳይሞላ ግን አንዲት ካፌ ያላት እህታችን መጥታ "የኔ ወንድም፣ ልጆቹን በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ዳቦው ግን ድንጋይ ነው፣ ደንበኛ እያጣሁ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። በዛው ሳምንት ጥሩ ጋጋሪ ፈልገን ቀጠርን፣ ልጆቹን የሚያስተምር፣ ደሞዙ ከሁላችንም የሚበልጥ ሰው። ያ ውሳኔ ነው ቤቱን ያተረፈው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በምን ስም ነው የሚመዘገበው?

ሶሻል ኢንተርፕራይዝ የሚል የንግድ ፈቃድ የለም፣ ስለዚህ ካሉት አንዱን መምረጥ ነው።

አንደኛው ተራ ንግድ ነው፣ ወይ በግለሰብ ስም ወይ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር። ከ2013ቱ የንግድ ሕግ ማለትም ከአዋጅ 1243 ወዲህ አንድ ሰው ብቻውንም የግል ማህበር ማቋቋም ስለሚችል ለይስሙላ ሸሪክ መፈለግ ቀርቷል። ጥሩነቱ ፈጣን ነው። ችግሩ ትርፉን ለልጆቹ አውለው ብሎ የሚያስገድዳችሁ ሕግ የለም፣ ስለዚህ ገና ፍቅር እያለ፣ ብሩ ሳይመጣ፣ ትርፉ ምን ላይ እንደሚውል መመሥረቻ ጽሁፉ ላይ ጻፉት። ብር ከመጣ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ያጣላል።

ሁለተኛው ሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ነው። አዋጅ 1113/2011 እነዚህ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሰሩ ይፈቅዳል፣ ግን የቢዝነሱ ሂሳብና መዝገብ ለብቻው መያዝ አለበት፣ ትርፉንም አባላት መከፋፈል አይችሉም። የአስተዳደር ወጪ ደሞ ከ20 ከመቶ እንዳያልፍ ይላል። የውጭ እርዳታ ለመቀበል ካሰባችሁ ይሄኛው ይሻላል።

ሦስተኛው ልጆቹን ራሳቸውን በጥቃቅንና አነስተኛ ማደራጀት ነው፣ ሼድም ብድርም ሊገኝበት ይችላል፣ በአዋጅ 995/2009 የተቋቋመው 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ለዚህ ተብሎ የመጣ ነበር። እዚህ ላይ የኔን ሃሳብ ልናገር፣ ገና ትላንት ከበረንዳ ለተነሳ ልጅ ይሄን መጀመሪያ አታድርጉት። አምስት የማይተዋወቁ ልጆች በቡድን ዋስትና ብድር ይወስዳሉ፣ አንዱ ይጠፋል፣ ዕዳው አራቱ ላይ ይወድቃል፣ ከዛ አራቱም ይጠፋሉ፣ የሆነውን በአይኔ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት አብረው ሰርተው፣ ተጣልተው ታርቀው፣ ማን ገንዘብ እንደሚታመንበት ካወቁ በኋላ ቢደራጁ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ልጆቹን እንዴት ነው የምትመርጧቸው?

ፈተና የለም፣ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሰሃል ወይ የለም። አምስት ቀን በተከታታይ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በር ላይ ተገኝ ነው የምንለው፣ በመጣ ቁጥር ሻይ በዳቦ አለ። አምስት ቀን የመጣ ይገባል። አንዱ ልጅ ሦስተኛው ቀን ላይ በራችን ሥር ተኝቶ አገኘነው፣ ሰዓት ስለሌለኝ እንዳላረፍድ ብዬ ነው አለ። አሁን ሊጥ ክፍሉን የሚመራው እሱ ነው።

ከስንት ዓመት ጀምሮ መቅጠር ይቻላል? ሌሊትስ መሥራት ይችላሉ?

ይሄን በደንብ አንብቡት፣ ብዙ ቅን ሰው የሚሳሳትበት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው የሚባለው፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰራም፣ ትርፍ ሰዓት አይሰራም፣ በሳምንት እረፍቱና በበዓል ቀን አይሰራም፣ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሰራም።

ዳቦ ቤት ደሞ የሌሊት ሥራ ነው። ሊጡ የሚቦካው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ሱቆቹ 12 ሰዓት ላይ ዳቦ ይፈልጋሉ። ልጆቹ ራሳቸው ደሞ ሌሊት ካልገባን ብለው ይለምናሉ። እኔ መጀመሪያ ትጋት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንድ ቀን ሌሊት ሳላስበው ብቅ ስል ግን የ16 ዓመቱ ልጅ ፈረቃው ሳይሆን ገብቶ፣ ከምድጃው ጀርባ ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ የዱቄት ጆንያ አንጥፎ ተኝቷል፣ ፊቱ ላይ ዱቄት፣ ጫማውን አውልቆ ከራሱ ሥር አድርጎታል እንዳይሰረቅ። ያኔ ነው የገባኝ። ሌሊት የሚፈልጉት ምድጃው ስለሚሞቅ ነው። የሐምሌን ብርድ በረንዳ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ከ18 በታች ያሉትን ሌሊት ማሠራት አቆምን፣ እነሱ ጠዋት ማሸግ፣ ማከፋፈልና ሂሳብ ላይ ሆኑ። ግን ሌሊቱን ከልክለን ብቻ ብንተወው ኖሮ ልጁን ወደ ብርዱ መልሰን መስደድ ነበር፣ ስለዚህ ማደሪያውን ከሥራው ለይተን መፈለግ ነበረብን፣ አሁን ሁለት ክፍል ተከራይተን አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ያድራል። ወጪው ቀላል አይደለም፣ ግን ማደሪያ የሌለውን ልጅ በሥራ ብቻ መለወጥ አይቻልም፣ ይሄን ሞክረን አይተነዋል።

ከ15 በታች የሆነ ልጅ ቢመጣስ?

አንቀጥርም፣ ቁርስ እናበላዋለን፣ ከዛ ትምህርት ቤት ለማስገባት እንሯሯጣለን። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ መብላት ከጀመሩ ወዲህ ይሄ ሥራ በጣም ቀሎልናል፣ ምክንያቱም ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሰንፎ ሳይሆን ርቦት ነው። ታላቅ ወንድሙ እኛ ጋ እየሰራ ታናሹ የሚማርበት ቤት አለ፣ እንደሱ ሲሆን በጣም ደስ ይለኛል።

መታወቂያ የሌለውን ልጅ እንዴት ትቀጥራላችሁ?

የሁሉ ነገር ቁልፍ ይሄ ነው፣ ሰው ግን አያስበውም። ከወላይታ ወይ ከሀድያ ወይ ከጎጃም በ11 ዓመቱ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ልጅ ከተወለደበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ ሲባል ከየት ያመጣል? መታወቂያ ከሌለ ሲም ካርድ የለም፣ ሲም ከሌለ ቴሌብር የለም፣ ባንክ የለም፣ ቤት የሚያከራይ የለም፣ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚያሳየው የለም።

አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። በአዋጅ 1284/2015 መሠረት ሰነድ የሌለው ሰውም በምስክር መመዝገብ ይችላል፣ እኛም ብዙዎቹን ይዘን ሄደን ያስመዘገብናቸው በዚህ መንገድ ነው። ሙሉ ቀን ወረፋ ይፈጃል፣ እና ልጁን ብቻውን አትላኩት፣ አብራችሁት ሂዱ፣ ብቻውን ሲሆን አንድ ሰው ፊቱን ካጠቆረበት ጥሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ልጅ የልደት ቀንህ መቼ ነው ሲሉት ዝም አለ፣ አያውቅም፣ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ቀኑን አብረን መረጥን፣ የሚካኤል ዕለት። አሁን በየዓመቱ በኅዳር 12 ድፎ እንደፋለታለን።

ማስቲሽና ጫትስ? ሱስ ያለበትን ትቀበላላችሁ?

እንቀበላለን። ማስቲሽ ሲስብ የነበረ ልጅ ምክንያቱን ስትጠይቁት ርሃቡንና ብርዱን ስለሚያስረሳኝ ነው ይላል፣ ስለዚህ ጠግቦ በልቶ ሞቆት ካደረ ግማሹ መንገድ አለቀ ማለት ነው፣ ግማሹ ግን ይቀራል። ሕጋችን ሁለት ነው፣ ሥራ ቦታ ይዞ አይገባም፣ ቀምሶ ከመጣ ደሞ ማሽንና ምድጃ አይነካም፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣና የዛ ቀን አይከፈለውም፣ ግን አይባረርም። የሊጥ ማሽኑ እጅ ይቆርጣል፣ በዚህ ምንም ድርድር የለም። ሕመሙ ከበረታ ጤና ጣቢያ ይዘን እንሄዳለን፣ እኛ ጋጋሪ እንጂ ሐኪም አይደለንም።

ደሞዝ እንዴት ነው የምትከፍሉት?

በግል ድርጅት ዝቅተኛ ደሞዝ ይሄን ያህል ነው ተብሎ በሕግ የተቆረጠ ነገር የለም፣ አዋጁ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ነው የሚለው፣ ስለዚህ ለልጆቹ ትንሽ ከፍሎ እየረዳኋቸው ነው ማለት በጣም ቀላል ነው። እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ። ለሰፈሩ ሌላ ዳቦ ቤት ሠራተኛ የሚከፈለውን ክፈሉ። ጡረታም አስገቡላቸው፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው፣ በ19 ዓመቱ ጡረታ ምን ያደርግልኛል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፣ አስረዱት።

አከፋፈሉን በተመለከተ ግን አንድ ልጅ አስተምሮናል። የመጀመሪያውን የወር ደሞዙን በፖስታ አድርገን በጥሬው ሰጠነው፣ ሁላችንም አጨበጨብንለት፣ በነጋታው አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ብሩን ይዞ ጠፋ አልን፣ እኔም ብያለሁ፣ አሁንም ያሳፍረኛል። በ12ኛው ቀን ጠዋት በር ላይ ቆሟል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደርቋል፣ አይን አይኔን ሳያይ "ዛሬ ስንት ፓትራ ነው?" አለኝ። ያን ዕለት ማታ ትልልቆቹ ደብድበው ሙሉውን ወስደውበት ነው፣ እኛ ደሞ በልቶት ነው የሚሉ መስሎት አፍሮ ነው የቀረው። በረንዳ ላይ ለሚያድር ልጅ የወር ደሞዝ በጥሬው መስጠት ለዱላ አሳልፎ መስጠት ነው፣ እኛ ነን ያጠፋነው።

ከዛ ወዲህ የመጀመሪያው ሦስት ወር በየቀኑ ለዕለት የሚበቃውን እንሰጣለን፣ ቀሪውን እሱም እኛም በምንፈርምበት ደብተር ላይ እየመዘገብን እናስቀምጣለን፣ ፋይዳው ሲወጣ በስሙ አካውንት ተከፍቶ ይገባለታል። ዕቁብም አላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዳኛውን ራሳቸው መርጠው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ልጅ በብሩ ቤት ከመከራየቱ በፊት ቁልፍ ገዛ፣ ጓጉንቸር፣ ቤት እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር፣ እያወጣ ይከፍተዋል ይዘጋዋል።

አሰልጥኖ ሰርተፊኬት ሰጥቶ መልቀቅ አይሻልም? ብዙ ልጅ ይደርሳል እኮ

ስልጠና ጥሩ ነው፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ያለፈ ልጅ የትም ሄዶ ሥራ መጠየቅ ይችላል፣ እኛም ልጆቹን በጋጋሪነት አስፈትነናል። ግን ሥራ ሳይኖር ስልጠና ብቻ ከሆነ አይሆንም። እኛ ጋ የመጣ አንድ ልጅ ፌስታል ውስጥ አራት ሰርተፊኬት ይዞ ነው የመጣው፣ የፀጉር ሥራ፣ የሞባይል ጥገና፣ የሕይወት ክህሎት፣ አንዱን ረሳሁት፣ ፌስታሉን ዝናብ እንዳይነካው ሸሚዙ ውስጥ አድርጎት ያድር ነበር። ከአራቱም አንድም ቀን ሥራ አላገኘም። ሦስት መቶ ልጅ አሰለጠንን ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይቻላል፣ እኔ ግን አስር ልጅ ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ቢቆይልኝ እመርጣለሁ።

ሴቶችስ? ሁሌ ስለወንዶቹ ነው የምታወሩት

ትክክል፣ ይሄን ጥያቄ የጠየቀችን እህት ተመስግና ነው የምትኖረው። ሴቶቹ በረንዳ ላይ ስለማይታዩ የሉ ይመስላል፣ ያሉት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው፣ ደላላ ጋ ቁጭ ብለው፣ ወይ ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ነው። በ2006 ሳዑዲ ካባረረቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መሀል ስንቷ ወጣት ሴት ቤተሰቦቿ ጋ በባዶ እጅ መግባት አፍራ አዲስ አበባ እንደቀረች ቤት ይቁጠረው።

ለሴቶች ነገሩ ይለያል። ፈረቃው ሳይመሽ ማለቅ አለበት፣ ሽንት ቤቱ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆን አለበት፣ ልጅ ላላት ልጇን የምታስቀምጥበት ያስፈልጋል። እነዚህን ሳናሟላ ሴቶች አይመጡም እያልን ስናማርር ነበር። አሁን አምስት አሉ። አንዷ ስድስት ዓመት ቤሩት የሰራች ናት፣ አንድ ቀን ዝም ብላ ኹብዝ ጋገረች፣ ያ ስሱ የአረብ ዳቦ፣ ከዛ ለሻዋርማ ቤቶች ወስዳ አስቀመሰች፣ አሁን ኹብዙ ከተራው ዳቦ የተሻለ ያተርፋል። የተሰቃየችበት አገር ያስተማራትን ሙያ ነው እንግዲህ ይዛ የመጣችው፣ እኛ ምንም አላስተማርናትም።

ለጎዳና ልጅ ብር ልስጥ ወይስ አልስጥ?

ይሄን መልስልኝ ሲሉኝ ይጨንቀኛል፣ የራበውን ልጅ አልፋችሁ ሂዱ ማለት አልችልም። እኔ ምግብ ነው የምገዛው። ተስፋ ድርጅት ድሮ የጀመረው የምግብ ኩፖን አለ፣ ኩፖኑን ገዝታችሁ ለተቸገረው ትሰጣላችሁ፣ እሱ ሄዶ ይበላበታል፣ እንደሱ አይነት ነገር ጥሩ ነው። ከብሩም ከምግቡም በላይ ግን ስሙን ጠይቁት። ሊስትሮ ከሆነ ጫማችሁን አስጠርጉ፣ ዋጋውን አትከራከሩት፣ በየሳምንቱ እሱው ጋ ተመለሱ።

ውጭ ነው ያለሁት፣ ምን ላድርግ? ልብስ ልላክ?

ልብስ አትላኩ በቃ፣ ለሻንጣው የምታወጡት እዚህ አዲስ ይገዛል። ከሁሉ የሚጠቅመን ቋሚ ገዢ ነው። ዋሽንግተን ያለ አንድ ወንድማችን እዚህ አዲስ አበባ ሰፈሩ ያለውን የአረጋውያን ቤት ዳቦ በየወሩ እሱ ይከፍላል፣ እኛ በየቀኑ 60 ዳቦ እናደርሳለን፣ በቃ፣ አሮጊቶቹ ይበላሉ ልጆቹ ይሰራሉ። እንደዚህ ሁለት ጊዜ የሚሰራ ብር ደስ ይላል። ወይም እዚህ ያለችው እህታችሁ ሠርግ ስትደግስ፣ ቤተሰብ ተዝካር ሲያወጣ፣ ዳቦውን ከእንደኛ አይነት ቤት እንዲያዙ ንገሯቸው። ሙያ ካላችሁ ደሞ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ በተለይ፣ በወር አንድ ቀን በቪዲዮ ገብታችሁ መዝገባችንን ብታዩልን ከዶላር ይበልጣል።

ለመጀመር ስንት ብር ይበቃል?

እንደ ሥራው ነው፣ የመኪና እጥበት በትንሽ ይጀመራል፣ ዳቦ ቤት ምድጃና ማሽኑ ብቻ ብዙ ብር ነው። ከጠቅላላው ካፒታል ይልቅ አንድ ልጅ ስንት ዳቦ ነው ብላችሁ አስሉ። ለምሳሌ አንድ ልጅ ከነጡረታው ከነምግቡ በወር 8,000 ብር ያስወጣል እንበል፣ ከአንድ ዳቦ ላይ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 1 ብር ይተርፋል እንበል፣ ለሱ ብቻ በወር 8,000 ዳቦ መሸጥ አለበት፣ በ26 የሥራ ቀን ስትካፈሉት በቀን 308 ዳቦ ገደማ ነው። 308 ዳቦ የሚወስዱ ሱቆች በእጃችሁ ከሌሉ ያን ልጅ አትቅጠሩት፣ ቀጥራችሁ በሦስት ወር ከምታሰናብቱት ባትነኩት ይሻለዋል፣ ተስፋ ሰጥቶ መቀማትን ከዚህ በፊት ብዙ ሰው አድርጎበታል። ከሦስት አዲስ ልጅ ጋ አንድ የሰለጠነ ጋጋሪ መኖርም አለበት፣ አዲስ ልጅ ያቃጥላል፣ ያቃጠለውም ይቆጠራል።

ዱቤ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ሱቆች በዱቤ ወስደው ለአንድ ወር ይዘገያሉ፣ የዱቄት ነጋዴ ግን አንድ ቀን አይጠብቃችሁም።

ሁሉም ይሳካላቸዋል?

አይሳካላቸውም። የሄዱብን አሉ፣ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ የተመለሱ አሉ፣ አንድ ልጅ ሞቶብን ቀብረነዋል፣ ዕድር ስለሌለው ድንኳኑን እኛ ተክለን ሦስት ቀን ተቀመጥንለት፣ አባቱን ፈልገን አገኘን ከገጠር መጣ። ከዛ በኋላ ልጆቹ የራሳቸውን ዕድር አቋቋሙ። ስንቱ ተሳካለት ሲሉኝ በፐርሰንት አልመልስም፣ የማውቃቸው በስም ነው። አንዱ ሌላ ሆቴል ኬክ ቤት ገብቶ ከኔ የሚበልጥ ደሞዝ ይከፈለዋል፣ በዓል ሲመጣ ኬክ ይዞ ይመጣል።

መጥቼ ማየት እችላለሁ? ፎቶ ማንሳትስ?

መምጣት ይቻላል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኑ፣ ያኔ ዳቦው ትኩስ ነው ልጆቹም ፋታ አላቸው። ፎቶ ግን አይቻልም። ድሮ እናስነሳ ነበር፣ አንዱ ልጅ ፌስቡክ ላይ ፊቱ ከሥሩ "የጎዳና ተዳዳሪ የነበረ" ተብሎ ተለጥፎ የእጮኛው ቤተሰብ አየው፣ ከዛ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። አሁን ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር ዳቦውን ያንሳ እንላለን። የምትመጡ ከሆነ ከበሩ ስትገቡ በስተግራ ባንኮኒው ጋ የምታገኙት ልጅ ነው የሚያስተናግዳችሁ፣ ከየት መጣህ ብላችሁ አትጠይቁት፣ የትኛው ዳቦ ነው ዛሬ የወጣው በሉት፣ እሱን በደስታ ይነግራችኋል።